ጭንቅላቱን የተመታ ሠራተኛ «ደህና ነኝ» ሲል ምን ማድረግ ይገባል?

ድሬዳዋ ውስጥ በግንባታ ፎርማንነት ስሠራ ካየኋቸው አደጋዎች ሁሉ ያስተማረኝ አንዲት ጠብታ ደም ያልታየበት ነው። ሳቢያን አካባቢ አንድ ለሳኝ ሁለት ሜትር ያህል ከፍታ ካለው መቆሚያ በጎኑ ወድቆ ከጆሮው በላይ ያለው የራሱ ክፍል ከብሎኬት ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ጥቂት ፈዝዞ ቆየና ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ፤ «ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲያስመልሰው «ፀሐይ መትቶት ነው» ብለን በራሱ ላይ ውኃ አፈሰስንበት። ሐኪም ቤት ሲደርስ በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ደም መቋጠሩ ታወቀ። ሕይወቱ ቢተርፍም፣ በውኃና በጥላ ያባከንነው ጊዜ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስሕተታችን ለድሬ ሰው እንግዳ አይደለም። በሙቀቱ የተነሣ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስመለስ በሥራ ቦታ የተለመዱ ስለሆኑ ምክንያታቸውን የሚጠይቅ የለም። የራስ ቅል ግን እንደ ሆድ አይለጠጥም፤ ከሥሩ የተቆረጠ የደም ሥር ቀስ እያለ ሲደማ የሚጠራቀመው ደም መውጫ ስለማያገኝ አንጎልን ይጫናል፤ ስለዚህም ሰውየው ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ጤነኛ መስሎ ከቆየ በኋላ ራሱን ሊስት ይችላል።

አደጋው እንደደረሰ አስቀድማችሁ ከላይ የሚወድቅ ሌላ ነገር አለመኖሩን ተመልከቱ፤ ከዚያም ሰዓቱን ጻፉ። የወደቀውን ሰው ብብቱን ይዛችሁ ለማስነሣት አትቸኩሉ፤ ጭንቅላቱን የመታ ኃይል አንገቱንም ጎድቶት ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ ሰው በራስጌው ተንበርክኮ ራሱን በሁለት እጁ ሳያንቀሳቅስ ይያዝለት። ካስመለሰው ራሱን፣ አንገቱንና ወገቡን በአንድነት አዙራችሁ በጎኑ አስተኙት። የሚደማ ቁስል ካለ በንጹሕ ጨርቅ ያዙት፤ የራስ ቅሉ የተሰረጎደ ከሆነ ግን አትጫኑት፤ የተሰካ ብረትም አትንቀሉ፤ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ የሚወርድ ውኃ መሰል ፈሳሽ ካያችሁ አትወትፉት። ቁስል ላይ ቡና መነስነስ፣ ለሚንዘፈዘፍ ሰው ክብሪት ማሽተት፣ ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ በአፉ ማንቆርቆር ሁሉም ይቅር። መተንፈስ ካቆመ የደረቱን መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በፍጥነትና በኃይል መጫን ያስፈልጋል።

ለአፍታም ቢሆን ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተደነቃቀፈ፣ የአንዱ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ ወይም አንድ ጎኑ ከደከመ ወደ 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ጥሩ፤ የሚዘገይ ከሆነም በሌላ ተሽከርካሪ አስተኝታችሁ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርባችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ወደ ሐረር ሪፈር ከተባለ የደንገጎን ዳገት መውጣት ግድ ስለሆነና ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሲቲ ስካን (የራስ ቅልን ውስጥ የሚያሳይ የራጅ ምርመራ) የት እንደሚገኝ አስቀድሞ አጣርቶ ስልክ ቁጥሩን በጥበቃው ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብልህነት ነው።

ሐኪም አይቶት ቢመለስም ቢያንስ ለ24 ሰዓት ብቻውን አይተው። ከገጠር መጥቶ በኪራይ ክፍል ብቻውን የሚያድር የቀን ሠራተኛ ከሆነ አብሮት የሚያድር ሰው መመደብ የአሠሪው ፈንታ ነው። ሐኪም ካላዘዘ አስፕሪን አይውሰድ፤ ደም የመርጋት ኃይሉን ይቀንሳልና። በዚያ ቀን ከመጠጥ ብቻ ሳይሆን ከጫትም ይራቅ፤ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ዝም ሲል ዝምታው የምርቃና ይሁን የአንጎል ጉዳት ማንም አይለየውም።

ወደ መንስኤዎቹ ስንመጣ ትልቁ መውደቅ ነው፤ በሚስማር ብቻ የተያያዘ የባሕር ዛፍ መወጣጫ፣ ያልታሰረ መሰላል፣ መከለያ የሌለው የሶሌታ ጠርዝ። ቀጥሎ የሚመጣው ከላይ የሚወድቅ ዕቃ ነው፤ ከ10 ሜትር የተለቀቀ መዶሻ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሄልሜት የሚያድነው ከላይ ከሚወድቅ ዕቃ እንጂ ከላይ ከመውደቅ አይደለም፤ ለዚያ መከለያና የደኅንነት ቀበቶ ያስፈልጋል። ሄልሜቱን ገልብጣችሁ ብታዩት በቅርፊቱና በውስጥ ማሰሪያው መካከል ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አለ፤ የምቱን ኃይል የሚያበርደው ያ ክፍተት ነው። ሠራተኞቻችን ላብ ለመምጠጥ ፎጣ ሲጠቀጥቁበት ክፍተቱ ይጠፋል። ስለዚህ በግንባር ላይ የምትታሰር ስስ ጨርቅ ስጧቸው፤ ከባዱን ሥራ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት አስጨርሱ፤ አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት ጭረት ባይታይበትም ይጣል።

አንጎል ሳይመታም ይጎዳል። የሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም የጠለቀ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ መርዛማ ጋዝ ወይም የኦክስጅን እጥረት ሰውን በቅጽበት ይጥላል፤ አንጎል ደግሞ ኦክስጅን ካጣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። የወደቀውን ለማውጣት ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ዘሎ የሚገባ ጓደኛ ሁለተኛ ሟች ስለሚሆን ማንም አይግባ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያ እርዳታውም ማጓጓዣውም ሕክምናውም የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ሠራተኛው መሥራት ካልቻለም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። መብቱን ለማስከበር የአደጋው ዕለት፣ ሰዓትና የምስክሮች ስም የሰፈረበት ወረቀት ያስፈልገዋል፤ እኔ ያኔ ያልጻፍኩትን ወረቀት ማለቴ ነው።