ያለ ነጭ ቀለም ነጭ ማዕበል፦ የዊንስሎ ሆመርን ዘዴ በውሃ ቀለም መሞከር

አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊንስሎ ሆመር እ.ኤ.አ. በ1836 ቦስተን ተወለደ። እናቱ በውሃ ቀለም ትሥል ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ ማተሚያ ቤት ተለማማጅ ሆነ፤ ከዚያ ለሃርፐርስ ዊክሊ መጽሔት የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት እየሣለ ላከ። የውሃ ቀለምን የምር የያዘው በ1873፣ በ37 ዓመቱ፣ ግሎስተር በምትባል የማሳቹሴትስ የወደብ ከተማ ነው። መጀመሪያ ላይ ነጭ ጉዋሽ (ሥሩን የማያሳይ ወፍራም የውሃ ቀለም) ያበዛ ነበር። እየቆየ ግን ብርሃኑን ከወረቀቱ ከራሱ ነጭነት ማውጣት ቻለበት። ዛሬ የምንሞክረውም ይህንኑ ነው፤ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ማዕበል፣ ትንሽ ሰማይ።

ገንዘባችሁን ወረቀት ላይ አውጡ። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ይሁን፤ ተራ የሥዕል ደብተር ስትፍቁት ይላጣል። ትልልቁን የቀለም ሳጥን ተዉት። ሰማያዊ፣ ቡናማና ቢጫ ይበቃል፤ ሰማያዊና ቡናማ ሲደባለቁ ጥሩ ግራጫ ይወጣቸዋል። ሁለት ብሩሽ፣ ሶፍት፣ አዲስ ምላጭና ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጨምሩ።

ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። በእርሳስ ቀለል አድርጋችሁ ንደፉ። ሰማዩን፣ ከዚያ ባሕሩን፣ በመጨረሻ ድንጋዩን ቀቡ።

አሁን ነጩ ጋ ደረስን። ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ነጭ ቱቦ የሚያነሳው እዚህ ላይ ነው። ሆመር ግን ብዙ መንገድ ነበረው። ቀላሉ ቦታውን ሳይቀቡ መተው ነው። የማዕበሉን ትልቁን አረፋ እንዲሁ ዝለሉት። ለደመና ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ በተጨማደደ ሶፍት ጫን አድርጎ ማንሳት። ከደረቀ በኋላም ይቻላል፦ የምትፈልጉትን ቅርጽ በንጹህ ውሃ ቀቡ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ በሶፍት ምጠጡት። ይህ ግን እንደ ቀለሙ ነው። አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ በደህና ይነሳል፤ ፕሩሺያን ሰማያዊ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚገባ ሙልጭ ብሎ አይለቅም።

ዋናው ፈተና ምላጩ ነው። ሆመር ውሃው ላይ የሚያብለጨልጨውን ብርሃንና የሚረጨውን አረፋ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ በመፋቅ ነበር። ወረቀቱ ፍጹም መድረቅ አለበት። በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከቀዘቀዛችሁ ገና እርጥብ ነው። እርጥቡን ከፋቃችሁ ይቀደዳል፣ ማስተካከያም የለውም። ምላጩን አጋድማችሁ በስሱ ሳቡት። ለነጠብጣብ በጫፉ ብቻ ጫር ጫር። ሰፋ ላለ ብልጭታ የብርጭቆ ወረቀቱን አንዴ አስኪዱበት። የተፋቀው ቦታ ላይ መልሳችሁ አትቀቡ፤ የተጎዳው ወረቀት ቀለሙን ስለሚመጥ ከጎኑ ይልቅ ይጠቁራል። ስለዚህ መፋቅ ሁልጊዜ የመጨረሻ ሥራ ነው። ቦታ ለመከለል የሚሸጠውን ፈሳሽ ጎማ እኔ አልወደውም። ጠርዙ መቀስ የቆረጠው ይመስላል።

ቀለም ስትገዙ ብርሃን መቋቋሙን ቱቦው ላይ አንብቡ። የሆመር የ1887 ሥራ «የገበሬ ልጅ ለመሆን» ሰማዩ ዛሬ ነጣ ብሎ ይታያል። የቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ሲመረምሩት ግን ቀይና ብርቱካናማ የጀምበር መጥለቂያ እንደነበረ ደረሱበት። ቀዩ ለቅቆ ነው። የሆመርን ነጭ ሁሉ ሆን ብሎ የተወው አድርጋችሁ አትቅዱ። የራሳችሁንም ሥዕል መስኮት ፊት አትስቀሉ።

ለልምምድ «ከአውሎ ነፋሱ በኋላ፣ ባሃማስ» የተባለውን የ1899 ሥዕል ምረጡ። የቺካጎው ሙዚየም ድረ ገጽ ላይ አጉልታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ብዙ የሆመር የውሃ ቀለሞች አሉት፣ መግቢያውም ነፃ ነው። ብርሃን ስለሚጎዳቸው ግን ሁልጊዜ አይሰቀሉም። ከመሄዳችሁ በፊት የትኞቹ ለእይታ እንደወጡ ድረ ገጹ ላይ እዩ።