የሰፈር ጀግናና የዓለም አዳኝ፦ በልዕለ ጀግና ታሪክ አጻጻፍ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የልዕለ ጀግና ታሪክ ሊጽፍ የተነሳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆርጠው ጉዳይ ጀግናው ማንን እንደሚጠብቅ ነው፤ አንድን ሰፈር ከኪስ አውላቂና ከቀማኛ ወይስ ዓለምን በሙሉ ከጥፋት። ምርጫው የጉልበት ልክ ብቻ ስለሚመስል ብዙዎች ሳያስቡበት ያልፉታል፤ ከዚያም ረቂቁ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ታሪኩ ለምን እንደላላ ግራ ይገባቸዋል። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርኩ።

የመጀመሪያውና የሌሎቹ ሁሉ እናት የሆነው ስህተት የሰፈርን ጀግና ጉልበቱ ያነሰ የዓለም አዳኝ አድርጎ መቁጠር ነው። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ ሲወጣ መብረር አይችልም ነበር፤ በአንድ ዝላይ የሚሻገረው 200 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በዚያው ታሪክ የሠራው ሥራም ያለ ጥፋቷ ሞት የተፈረደባትን ሴት ማዳን፣ ሚስቱን የሚደበድብን ባል ማስቆምና ከሴናተር ጋር የሚመሳጠርን ጉዳይ አስፈጻሚ ማስፈራራት ነበር። ከፕላኔት ፕላኔት መብረሩ ኋላ የመጣ ነው። በሌላ በኩል መኪና አንስቶ መወርወር የሚችለው ስፓይደርማን እስከ ዛሬ የሰፈር ጀግና የሚባለው፣ ጭምብሉን ሲያወልቅ የሚመለሰው ሊያድናቸው ወደሮጠላቸው ሰዎች መካከል ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሁለቱን የሚለያቸው የክንድ ብርታት ሳይሆን ከሚጠብቁት ሰው ደጃፍ ያላቸው ርቀት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የአንባቢን ጭንቀት በሟቾች ቁጥር መለካት ነው። ዓለም ልትጠፋ አንድ ሰዓት ቀራት የተባለ አንባቢ እንደማትጠፋ በልቡ ያውቃል፤ የሚቀጥለው እትም መውጣቱ አይቀርምና። የአንድ ባለሱቅ ነፍስ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የላትም። እ.ኤ.አ. በ1962 በታተመው የስፓይደርማን የመጀመሪያ ታሪክ ጀግናው የሚያመልጥን ሌባ ማስቆም እየቻለ ‹‹ምን አገባኝ›› ብሎ ያሳልፈዋል፤ ያው ሌባ ቆይቶ ያሳደገውን አጎቱን ይገድላል። የሞተው አንድ ሰው ነው፤ ሆኖም ገጸ ባሕርይውን ከስድሳ ዓመት በላይ የተሸከመው ይህ አንድ ሞት ነው።

እኔን ይበልጥ ያደከመኝ ሦስተኛው ነው፤ ወንጀለኛውን እናትና አባት የሌለው፣ ከጨለማ ብቅ ብሎ ተደብድቦ የሚጠፋ ጥላ አድርጎ መሳል። በአንድ ረቂቄ ላይ ጀግናው ስልክ ነጥቆ የሚሮጥን ልጅ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይይዘዋል፣ በአንድ ቡጢ ይጥለዋል፣ ስልኩን ለባለቤቷ መልሶ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ትዕይንቱን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፤ ሦስት ጊዜም ነፍስ አልዘራም። በአራተኛው ልጁ አይወድቅም፤ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን በሁለት እጁ ዘርግቶ ‹‹ማታ ባዶ እጄን ከሄድኩ አይለቀኝም›› ይላል። ከዚህች ቃል በኋላ ጀግናው የማይለቀው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ መሄድ አይችልም፤ ጥያቄው ወደ ሌባ ተቀባዩ፣ ተቀባዩ ደግሞ ጀግናው በየቀኑ ሰላም ወደሚለው ጎረቤት ያደርሳል። የሰፈር ወንጀል ታሪክ ሀብቱ ይህ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ከተቆረጠ የሚቀረው ጉልበተኛ ሰው ደካማውን ሲደበድብ ማየት ነው፤ አንባቢም ቢዘገይ እንጂ ይህን መታዘቡ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1964 የተፈጠረው ዴርዴቪል ቀን ቀን ዓይነ ስውር ጠበቃ መሆኑም ለጌጥ አይደለም፤ ማታ በቡጢ የሚጥሰውን ሕግ ጠዋት ችሎት ፊት ቆሞ ይሟገትለታል።

አራተኛው አጭር ነው፤ ቁስልን መርሳት። ሌሊት የጎድን አጥንቱ የተሰነጠቀ ሰው ጠዋት ሥራ ቦታው ሲያስነጥስ ምን እንደሚሆን ይጻፍ።

አምስተኛው ሁለቱን ዓይነት ጀግኖች በአንድ ታሪክ አገናኝቶ ‹‹ያ የሚበረው እያለ ይህ ለምን ይደበደባል›› ለሚለው ጥያቄ መልስ አለማዘጋጀት ነው። ‹‹ሌላ ሥራ ይዞ ነው›› የሚለው ሰበብ ከአንድ ጊዜ በላይ አያገለግልም። የተሻለው መልስ የዓለም አዳኙ ሰፈሩን አያውቀውም የሚለው ነው፤ የትኛው በር ሁለት ጊዜ ሲንኳኳ እንደሚከፈት፣ ማን ለማን እንደሚያፏጭ ከሰማይ ሆኖ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣ አንድ የግሪን ላንተርን ታሪክ አንድ ጥቁር አዛውንት ፊቱ ቆመው፣ ሰማያዊ ቆዳ ላላቸው እንደሚሠራ፣ በሩቅ ፕላኔትም ብርቱካናማ ቆዳ ያላቸውን እንደረዳ ማንበባቸውን ጠቅሰው፣ ለጥቁሮች ግን ለምን ምንም እንዳላደረገ ይጠይቁታል። ጠፈርን የሚጠብቀው ጀግና አንገቱን ከመድፋት በቀር መልስ አላገኘም። በዚያ ገጽ ላይ አንድም ቡጢ አልተሰነዘረም።

የመጨረሻው የእኛ የሰፈር ጀግና ወዳጆች ስህተት ነው፤ የዓለም አዳኙን ሰው እንዳልሆነ ቆጥሮ መናቅ። የሁሉንም ጩኸት የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው ወደ የትኛው ልሂድ ብሎ መምረጥ አለበት፤ ምርጫው ደግሞ በየደቂቃው ነው። ይህን ለመጻፍ የሚፈነዳ ኮከብ አያስፈልግም። ሁለት ጩኸት በአንድ ጊዜ ይስማ፣ ወደ አንዱ ይብረር፣ ያልሄደበትን ቤት ሰዎች አንባቢው ቀደም ሲል በስማቸው ይወቃቸው፤ የሚቀጥለው ምዕራፍም በማግስቱ ጠዋት በዚያ ቤት በር ላይ ይጀምር።