በአየር ይሻላል ወይስ በመኪና? ስሌቱ እንዲህ ነው

ለሰው ጉዞ ማመቻቸት የዘወትር ሥራዬ ነው። «በአየር ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የማይለኝ የለም። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ከኤርፖርት እስከ ኤርፖርት ነው ወይስ ከቤት እስከ ሆቴል? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

መጀመሪያ የአየሩን ርቀት ያውጡ። ኮምፒውተር ላይ ጎግል ማፕስን ከፍተው መነሻ ከተማው ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ይጫኑ፣ ርቀት መለኪያውን ይምረጡ፣ ከዚያ መድረሻው ላይ ጠቅ ያድርጉ። ቁጥሩ ወዲያው ይመጣል። የወረቀት ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካት ለሩቅ ከተሞች አያዋጣም። ምድር ክብ ናት፣ ወረቀቱ ጠፍጣፋ ነው። አንዱ ከተማ ከሌላው በቀጥታ በሰሜን ወይም በደቡብ ከሆነ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ የኬክሮስ ልዩነታቸውን በዲግሪ ወስዶ በ111 ማባዛት ብቻ ነው፤ ኪሎ ሜትሩ ይወጣል።

ያገኙትን ኪሎ ሜትር ለ800 ያካፍሉ። ለመነሳትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። 1,200 ኪሎ ሜትር ቢሆን ሁለት ሰዓት ይመጣል ማለት ነው። ይሄ ለጄት ነው፤ ባለ ፕሮፔለር ከሆነ ለ500 ያካፍሉ። ረጅም በረራ ላይ ነፋሱም አለ። ከለንደን ኒውዮርክ 8 ሰዓት ገደማ ነው፣ መልሱ ግን ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋ 7 ሰዓት አካባቢ ይሆናል።

አሁን ሰዎች የሚዘነጉት ይመጣል፦ ኤርፖርት መድረሻ፣ ፍተሻ፣ ሻንጣ መጠበቅ፣ ታክሲ። እኔ ለዚህ ሁሉ ሦስት ሰዓት ተኩል እይዛለሁ። ዓለም አቀፍ በረራ ከሆነ ከዚያም በላይ።

የመኪናው ስሌት ሌላ ነው። ካርታ ከሌለ የአየሩን ርቀት በ1.3 ማባዛት ለግምት ይበቃል። ውሃ ወይም ተራራ መሀል ከገባ ግን ግምቱን ይተዉት። ከቦነስ አይረስ ሞንቴቪዴዮ በአየር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ግን ወንዙን ለመዞር ወደ 600 ይጠጋል። ኪንሻሳና ብራዛቪል ደግሞ ፊት ለፊት እየተያዩ ድልድይ የላቸውም። መሻገሪያው ጀልባ ነው።

ፍጥነት ሲያስቡ የመንገድ ምልክቱ ላይ የተጻፈውን የፍጥነት ገደብ አይያዙ። በተራ መንገድ አማካዩን በሰዓት 70 ቢያደርጉት ብዙም አይሳሳቱም። ካርታው የሚነግርዎት ደግሞ ያለ ዕረፍት የሚነዳበትን ነው። በየሁለት ሰዓቱ 15 ደቂቃ ይጨምሩ፣ የሚነሱበትንም ሰዓት ያስገቡለት፤ አለበለዚያ የሚያሳይዎት የአሁኑን መጨናነቅ ነው።

በዚህ ሂሳብ መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር ካነሰ እኔ መኪና ነው የምመክረው። ጥሩ ፈጣን መንገድ ካለ እስከ 400ም ያስኬዳል።

ትኬት ሲያነቡም ይጠንቀቁ፤ ሰዓቱ የየከተማው ነው። ከለንደን ተነስቶ ኒውዮርክ የሚደርስ በረራ ሦስት ሰዓት ብቻ የፈጀ ይመስላል። የቀረውን አምስት ሰዓት የበላው የሰዓት ልዩነቱ ነው። ስለዚህ መነሻና መድረሻውን ከመቀናነስ ይልቅ «የበረራ ጊዜ» የሚለውን ይመልከቱ።