የሰፈር መናፈሻ በጎንደር፦ ከይዞታው እስከ ስያሜው

ጎንደር ወደ አዘዞና ጠዳ እየሰፋች፣ በየኮረብታው ጥግም አዲስ ቤት እየተሠራባት ስትሄድ በየሰፈሩ መሃል አንድ ክፍት ቦታ ይቀራል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ በግ ይታሰርበታል፣ ለቅሶ ሲሆን የዕድሩ ድንኳን ይተከልበታል። ያ ቦታ መናፈሻ ይሁን ሲባል ሥራው ብዙ ጊዜ ከአጥርና ከችግኝ ይጀመራል። የምንመክረው ቦታው ዛሬ ሰውን በምን እያገለገለ እንዳለ ከማወቅ እንድትጀምሩ ነው። ንድፉም ስሙም ከዚያ ይወጣል። ይህን የዘለለ መናፈሻ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወይ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ወይ ቆሻሻ ይደፋበታል።

መጀመሪያ ይዞታው

ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ በጽሑፍ ይታወቅ። «ድሮም ባዶ ነው፣ የሕዝብ ነው» የሚለው ንግግር አያስተማምንም። የከተማ ቦታ በሊዝ አዋጅ መሠረት የሚተላለፍ ስለሆነ፣ ዛሬ ክፍት የሆነው መሬት ነገ ለግንባታ ሊሰጥ ይችላል። በቀበሌው በኩል ለክፍለ ከተማው ደብዳቤ ጽፋችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቦታው በፕላኑ ላይ አረንጓዴ መሆኑን፣ የይገባኛል ጥያቄ የሌለበት መሆኑን፣ ኮርዲኔቱ (የወሰን ነጥቦቹ የካርታ ቁጥር) የሰፈረበት የሳይት ፕላን። በአገራችን የከተማ ፕላን አሠራር 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል መርህ አለ። ስለዚህ የሰፈር መናፈሻ መጠየቅ የፕላኑን መርህ መጠየቅ ነው፤ አንገት የሚያስደፋ ልመና አይደለም።

ወሰኑ በባለሙያ ተለክቶ ችካል ይመታበት፤ ሲመታም የአጎራባች ቤቶች ባለቤቶች ቆመው ይዩ፣ ይፈርሙም። አጥር ከተሠራ በኋላ «ሁለት ሜትር ገብታችሁብኛል» የሚል ጎረቤት ሲመጣ ሥራው ለዓመታት ይታገዳል። ቦታው ለፋሲል ግቢ፣ ለፋሲለደስ መዋኛ፣ ለቁስቋም ወይም ለሌላ ቅርስ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ከመቆፈራችሁ በፊት ለባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ አሳውቁ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ በአካባቢው ሲቆፈር የተጠረበ ድንጋይ ወይም በኖራ የተያያዘ አሮጌ ግንብ ከወጣ ቁፋሮው እዚያው ይቁም።

ቦታውን ቁጭ ብሎ ማየት

ሁለት ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ በአራት የተለያየ ጊዜ ይቀመጥ፦ በሥራ ቀን ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ። እያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰዓት ይበቃል። የሚመዘገበው ማን እንደገባ (ሕፃን፣ ወጣት፣ እናት፣ አዛውንት)፣ ምን እንዳደረገ፣ የት እንደተቀመጠና በየት በኩል እንዳለፈ ነው። ያልመጣውንም አስቡት። ሴቶችና አረጋውያን ከጠፉ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫ፣ ጥላ ወይም ሽንት ቤት አለመኖሩ ነው።

በዚህ ምዝገባ ላይ ከሁሉ የሚጠቅማችሁ ሰው ረግጦ ያወጣው የእግር መንገድ ነው። ሣሩ የጠፋበት ያ ቀጭን መስመር ወደ ታክሲ መያዣው፣ ወደ ቦኖው ወይም ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያቋርጥ ነው። በሜትር ለክታችሁ ካርታው ላይ አስገቡት፤ ዋናው መንገድ እሱ ይሁን። አቋራጩን በአጥር ብትዘጉት ሽቦው ይቆረጣል፤ አንዴ የተቆረጠ ሽቦ ደግሞ ለፍየልም በር ነው።

ቦታውን ማከፋፈል

50 በ60 ሜትር፣ ማለትም 3,000 ካሬ ሜትር የሆነ ቦታ አለን እንበል። ለትንሽ የኳስ ሜዳ 20 በ40 (800 ካሬ)፣ ለሕፃናት መጫወቻ 300፣ ለዕድር ድንኳን 12 በ20 (240)፣ 2 ሜትር ስፋት ላለው 180 ሜትር የእግር መንገድ 360፣ ለጥበቃ ክፍል፣ ለዕቃ ቤትና ለሽንት ቤት 60 ካሬ ይያዝ። ቀሪው 1,240 ካሬ ለዛፍ፣ ለሣርና ለመቀመጫ ይሆናል።

የድንኳኑን ቦታ ብዙ ነዳፊዎች ይረሱታል። ለቅሶም ሠርግም ከሰፈር አይጠፋም፤ ቦታ ካልተተወለት ድንኳኑ ችግኙ ላይ ይተከላል። ሜዳው ጠጠር ፈሶበት የተጠቀጠቀ፣ ዛፍ የሌለበትና መኪና ዕቃ ሊያወርድበት የሚችል ይሁን። የሕፃናቱ መጫወቻ ከአስፋልት ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፣ ከእናቶች መቀመጫም በግልጽ ይታይ። ኳስ ሜዳው ከመጫወቻው ጎን አይሁን፤ ሌላ ምርጫ ከጠፋ 3 ሜትር ከፍታ ያለው መረብ በመሃል ይወጠር።

ቁልቁለትና ጎርፍ

ጎንደር ላይ ሜዳ የሆነ ቦታ ብርቅ ነው። ከፍታውን በውሃ በተሞላ የፕላስቲክ ቱቦ ለኩ። መንገዱ በየ12 ሜትሩ ከ1 ሜትር በላይ እንዳይወጣ አድርጋችሁ አዙሩት፤ ከዚያ ከበለጠ ዊልቸር አይወጣውም፣ ምርኩዝ የያዙ አዛውንትም ይቸገራሉ። ለኮብልስቶን ንጣፍ በታች 15 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ሰሌክት (ለሙሌት የተመረጠ አፈር)፣ በላዩ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ያስፈልጋል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ወጥቶ በሰሌክት ካልተተካ ድንጋዩ በሁለተኛው ክረምት ይነቃነቃል።

እርከኑን በድንጋይ ካብ ያዙት። መሠረቱ 50 ሳንቲ ሜትር ይግባ፣ ፊቱም ወደ ዳገቱ ትንሽ ዘንበል ይበል። በሲሚንቶ የተያያዘ ከሆነ በየ2 ሜትሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይተውለት፣ ከጀርባውም ጠጠር ይሞላ። ግንብ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ከኋላው ውሃ ታቁሮ ሲገፋው ነው። ከ1.5 ሜትር በላይ የሚቆም ግንብ ያለ መሐንዲስ ስሌት አይሠራ። ከቦታው በላይ ካለው ዳገት የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ ደግሞ ከሰኔ በፊት ያልቅ፤ ሐምሌ ላይ ቦይ መቆፈር ጭቃ ማመላለስ ነው።

ዛፍና ውሃ

የጥላ ዛፎቹ አገር በቀል ይሁኑ፦ ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ብርብራ። ዋርካ ግርማው የሚወዳደረው የለም፤ ጃንተከል ዋርካን ያየ ጎንደሬ ይህን ያውቃል። ነገር ግን ሥሩ ቧንቧና ግንብ ስለሚገፋ ከማንኛውም ሕንፃ 15 ሜትር ይራቅ፤ በአንድ መናፈሻ አንድ ይበቃል። ባህር ዛፍ አይተከል፤ ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሣር አያበቅልም። በወይራና በዋንዛ መካከል ከ6 እስከ 8 ሜትር ይተው። ሲተከል ባዶ ይመስላል፣ ሰውም «ሙሉበት እንጂ» ይላል፤ እሺ አትበሉ። ተጠጋግቶ የተተከለ ዛፍ ብርሃን ፍለጋ ቀጥ ብሎ ይረዝማል እንጂ ጥላ አይሰጥም።

ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በግንቦት ይቆፈር። የላይኛው አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጥ፤ ሲተከል የላይኛው ከበሰለ ፍግ ጋር ተደባልቆ ቀድሞ ይገባል። ተከላው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይለቅ። ነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ሳይሰድ ዝናቡ ይቆምበታል።

ችግኙን በዘመቻ ስትተክሉ አንድ ሰው ፕላስቲኩን ብቻ ይቆጣጠር። ፕላስቲኩ ሳይቀደድ የተተከለ ችግኝ ሥሩ እዚያው ውስጥ ይጠመዘዛል፤ አንድ ሁለት ዓመት ለምልሞ ይቆይና በንፋስ ተነቅሎ ይወድቃል። በምላጭ ከላይ እስከ ታች ተቀድዶ ይውጣ፣ ከታች የተጠቀለለ ሥርም ይቆረጥ። የተሰበሰበው ፕላስቲክ ይቆጠር፤ ቁጥሩ ከችግኙ ቁጥር ጋር እኩል ካልሆነ የቀረው መሬት ውስጥ ነው።

የውሃው ሒሳብ ከችግኙ ቁጥር በፊት ይሠራ። 60 ችግኝ በሳምንት አሥር አሥር ሊትር ቢጠጣ 600 ሊትር ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት አጋማሽ ያለውን 32 ሳምንት ብታሰሉ 19,200 ሊትር ይመጣል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ይህን ከቧንቧ እናገኛለን ማለት አይቻልም። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይገኛል። የጎንደር የዓመት ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ የሚባክነው አንድ አምስተኛ ተቀንሶም 32,000 ሊትር ይሰጣል። የሚያጥረው ማጠራቀሚያው ነው፦ አንድ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ጥር መጨረሻ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ሁለት ሮቶ ይገዛ፤ ገንዘቡ ካልበቃ ግን ችግኙ 30 ይሁን። 30 የጸደቀ ዛፍ ከ60 የደረቀ ይሻላል። ግንዱን ሳይነካ ዙሪያውን ጉዝጓዝ መደረግ አለበት፤ ለእያንዳንዱ ችግኝም የእሾህ ወይም የእንጨት ከለላ ይሠራለት።

ማን ይይዘዋል?

የጥበቃ ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ መክፈቻ አይደረግ። አንድ ሻይ ቤት በኪራይ ሰጥቶ ገቢውን ለጥበቃና ለጽዳት ማዋል ጥሩ መንገድ ነው፤ ውሉ ላይ የሽንት ቤቱ ጽዳት የተከራዩ ግዴታ ተደርጎ ይጻፍ። የጎደለውን ዕድሩ በየወሩ ከሚሰበስበው ላይ ትንሽ ጨምሮ ይሸፍን። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በሰሌዳ ይለጠፍ።

ስሙ

ስም የመጨረሻው ሥራ ነው። ቀድሞ የወጣ ስም ጭቅጭቅ ያስነሳል፣ መሬቱም ገና በእጅ አልገባም። በመጀመሪያ ቦታው ከመንደሩ በፊት ምን ይባል እንደነበር ከአዛውንት ጠይቁ፦ የወንዙ፣ የዛፉ፣ የምንጩ፣ የግጦሹ ስም። ቁስቋም፣ ቀሃ፣ ሳሙና በር፣ አውቶ ፓርኮ፣ ጃንተከል ሕዝብ እየጠራቸው የጸኑ ስሞች ናቸው። በየቀኑ ከአፍ የማይጠፋ ስም ካለ ያንኑ አጽኑት፤ አዲስ ስም ሰሌዳው ላይ ይቀራል እንጂ ሰው በድሮው መጥራቱን አይተውም።

ጥቆማ ለአንድ ወር ክፍት ይሁን። በዕድር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በትምህርት ቤት ይነገር፤ መጻፍ ለማይችል ሰው ጸሐፊ ይመደብለት፣ ከስሙ ጋርም ምክንያቱ ይጻፍ። ማጥሪያው ከጥቆማው በፊት ይወሰን። እኛ የምንመርጠው ይህ ነው፦ በሕይወት ያለ ሰው ስም አይሆንም፤ በከተማው ሌላ ቦታ የተያዘ ስም አይሆንም፤ የሰፈሩን አንድ ወገን ብቻ የሚጠራ ስም አይሆንም። ጎንደር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም ቅማንቱም የኖረባት ከተማ ናት፤ መናፈሻው ስሙ ሲጠራ ማንም «የእኔ አይደለም» እንዳይል ያስፈልጋል። ገንዘብ የሰጠ ባለሀብት ካለ ስሙ በአግዳሚው ወይም በሮቶው ላይ በክብር ይጻፍለት፣ መናፈሻው ግን አይሰየምበት።

ሦስት ስም ሲቀር ባጃጅ ላይ ፈትኑት። «እዚህ አድርሰኝ» ሲባል ሹፌሩ ደግሞ የሚጠይቅበት ስም ረዝሟል፣ ወይም ከሌላ ቦታ ጋር ይምታታል። ከሁለት ቃል አይበልጥ።

ምርጫው በእጅ ማውጣት ከሆነ ወጣቱና ሴቶቹ የሽማግሌዎቹን እጅ አይተው ያወጣሉ። ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ባቄላ ስጡ፤ ከመጋረጃ ጀርባ ስሙ በተነበበላቸውና ምልክት በተደረገባቸው ሦስት እንስራዎች ውስጥ ይጣል፣ በሕዝብ ፊትም ይቆጠር። ቃለ ጉባኤው ቀን፣ የተገኘ ሰው ብዛት፣ የሦስቱም ስሞች ድምፅና ፊርማ ይኑረው፤ በቀበሌውና በክፍለ ከተማው በኩል ለከተማ አስተዳደሩ ለማጽደቅ ይቅረብ።

ቃለ ጉባኤው ላይ የስሙ ፊደል አጻጻፍም ይወሰን። «ሥ» ወይስ «ስ»፣ «ጸ» ወይስ «ፀ» ካልተባለ ደብዳቤው አንድ ዓይነት፣ ሰሌዳው ሌላ ዓይነት ይጽፋል፤ ጎግል ማፕ ላይ የፈለገውም አያገኘውም። ሰሌዳው ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ ፊደሉ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ስቲከር በጎንደር ፀሐይ ቶሎ ስለሚነጣ በድንጋይ ላይ ቢቀረጽ ይመረጣል። ጠራቢው መዶሻውን ከማንሳቱ በፊት የጸደቀውን ደብዳቤ ቅጂ አጠገቡ አስቀምጡለት፤ ፊደሉን ድንጋዩ ላይ በጠመኔ ሲጽፍም ሁለት ሰው ከደብዳቤው ጋር ያመሳክር።