ፔፕታይድን በሙቀት ዝላይ ስታጠኑ ከነዚህ ስህተቶች ራቁ

ሌዘሩ በ10 ናኖሰከንድ ገደማ ናሙናውን በ10 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል። ከዚያ ፔፕታይዱ (አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት) ቅርጹን ሲቀይር በኢንፍራሬድ እንከታተላለን። ጀማሪዎች ሐሳባቸው ሁሉ ሌዘሩ ላይ ነው። እኔ ግን ሙከራ ሲበላሽ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ሌዘሩ ገና ሳይበራ ነው።

ትሪስ ባፈር (ፒኤችን ለማረጋጋት የሚጨመር ውህድ) መጠቀም። እባካችሁ ይሄን ተዉ! ትሪስ የሌለበት ላብራቶሪ የለም፣ ርካሽ ነው፣ እጅ ቶሎ ወደ እሱ ይሄዳል። ነገር ግን ትሪስ በሞቀ ቁጥር ፒኤቹ በየዲግሪው በ0.028 ገደማ ይወርዳል። 10 ዲግሪ ካሞቃችሁ 0.28 ወረደ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ የፕሮቶኑ ክምችት ግን ወደ እጥፍ ተጠግቷል። የምታጠኑት ፔፕታይድ ደግሞ ለፒኤች ምላሽ የሚሰጥ ከሆነ፣ ሙቀቱን ብቻ የለወጣችሁ መስሏችሁ ሁለት ነገር ለወጣችሁ። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ባለሁለት እርከን ለውጥ አገኘሁ ብላ ጽሑፍ ጀምራ ነበር። ባፈሩን ወደ ፎስፌት ስንቀይረው ሁለተኛው እርከን ጠፋ። የወራት ልፋቷ ገደል ሲገባ ማየት በጣም ያሳዝናል። የፎስፌት ለውጥ የትሪስን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ከእሱ ጀምሩ።

ባዶውን ባፈር አለመለካት። ተራ ውሃ ፔፕታይዱ በሚታይበት 1645 የሞገድ ቁጥር (በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉ ሞገዶች ብዛት) አካባቢ ብርሃኑን ስለሚውጥብን በከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ በዲውቴሪየም በተተካ) እንሠራለን። ከባድ ውሃም ቢሆን ሲሞቅ የሚውጠው ብርሃን መጠን ወዲያው ይለወጣል። ፔፕታይድ የሌለበትን ባፈር በዚያው ዝላይ ለክታችሁ ካልቀነሳችሁ፣ የውሃውን ለውጥ የፔፕታይዱ ፈጣን እርምጃ ነው ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

የተገዛውን ፔፕታይድ እንዳለ መጠቀም። ከማጣሪያው የተረፈ ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ አብሮት ይመጣል። እሱ 1673 ላይ ይታያል፤ የፔፕታይዱ አማይድ ዋን ምልክትም (ቅርጹን የምናነብበት የሰንሰለቱ ንዝረት) ያለው ከ1600 እስከ 1700 ነው። በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እያሟሟችሁ ደጋግማችሁ በቅዝቃዜ አድርቁት።

የተለመደው የፒኤች መለኪያ በከባድ ውሃ ውስጥ ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ፣ በንባቡ ላይ 0.4 ጨምሩ።

ያገኙትን ፍጥነት የመታጠፍ (ፔፕታይዱ ቅርጹን የመያዝ) ፍጥነት ነው ማለት። በዚህ ስህተት ሰው ሲወድቅ ማየት ሰልችቶኛል። ማንፍሬድ አይገን በ1967 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ኖቤል ካገኘባቸው የፈጣን ምላሽ ጥናቶች አንዱ ይኸው ዘዴ ነው፤ ስሌቱም ያኔውኑ ግልጽ ነበር። ፔፕታይዱ በሁለት ሁኔታዎች መካከል ብቻ የሚመላለስ ከሆነ፣ የምታዩት የመታጠፍና የመፈታት ፍጥነቶች ድምር ነው። ግማሹ በታጠፈበት ሙቀት ላይ የመታጠፉ ድርሻ የድምሩ ግማሽ ነው። በሌላ ሙቀት ለመለየት የሚዛን ቋሚውን (የታጠፈውና የተፈታው ጥምርታ) ማወቅ አለባችሁ። እሱን አስቀድማችሁ ቀስ ብላችሁ እያሞቃችሁ ለኩት።

በቅልቅል መሣሪያ (ሁለት ፈሳሾችን በፍጥነት ደባልቆ ለውጡን በሚከታተል) ሄሊክስ (ጥምዝ ቅርጽ) ማሳደድም አለ። መሣሪያው ማየት የሚጀምረው ከአንድ ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። አጭር ሄሊክስ እስከዚያ ሥራውን ከጨረሰ ቆይቷል። ስለዚህ ለውጥ አላየሁም ማለት ለውጥ አልነበረም ማለት አይደለም።

በአንድ ክምችት ብቻ መለካትም ሌላው ነው። ኢንፍራሬድ ብዙ ፔፕታይድ ይፈልጋል፤ ብዙ ሲሆን ደግሞ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ኢላስቲን (ቆዳን የሚለጠጥ የሚያደርግ ፕሮቲን) መሰል ፔፕታይዶች ክምችታቸው ሲጨምር የሚለወጡበት ሙቀት ራሱ ይወርዳል። ናሙናውን በግማሽ አቅጥናችሁ ድገሙት። ፍጥነቱ ከተቀየረ፣ የለካችሁት የአንድን ሞለኪውል መታጠፍ ብቻ አይደለም።