ኮድ ለሚጽፍ ኤጀንት የቱል መግለጫ አጻጻፍ

ኤጀንቱ (በራሱ እየወሰነ ሥራ የሚሠራው የAI ፕሮግራም) የሰጡትን ቱል፣ ማለትም ሊጠራው የሚችለውን ተግባር፣ ውስጡን አያየውም። የሚደርሰው ስሙ፣ መግለጫውና የፓራሜትሮቹ (ሲጠራው የሚሞላቸው ዋጋዎች) ስኪማ፣ ማለትም የቅርጻቸው ዝርዝር፣ ነው፤ የቱን እንደሚጠራና ምን እንደሚሞላበት የሚወስነው በእነዚሁ ነው። ድሬዳዋ ላይ ባጃጅ አስቁመው «ገበያ ውሰደኝ» ቢሉ ሹፌሩ «ቀፊራ ነው ታይዋን?» ብሎ ይጠይቃል። ኤጀንት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅም፤ አንዱን መርጦ ይነዳል።

ምሳሌ እንያዝ። ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ የሚገቡ ኮንቴይነሮችን የሚመዘግብ፣ ትራንዚተሮች የሚሠሩበት ሲስተም አለ እንበል። ኤጀንቱ ኮዱን ሲያርም የሙከራ ዳታቤዙን የሚያይበት ቱል ተሰጥቶታል፤ መግለጫው «ጭነት ይፈልጋል» ይላል፣ አለቀ። በዚህ ፈንታ እንዲህ ይጻፍ፦

«ከሙከራ ዳታቤዝ የጭነት መዝገብ ፈልጎ ያመጣል፤ ምንም አይለውጥም፣ አይሰርዝም። የኮንቴይነር ቁጥር፣ ከተማ ወይም የመግቢያ ቀን ሲታወቅ ይጠራል። ለክፍያ ጉዳይ ይህ ሳይሆን ክፍያ_ፈልግ ይጠራ። በአንድ ጥሪ ቢበዛ 20 መዝገብ ይመልሳል፣ አዲሱ ይቀድማል፤ ያልመጣ ካለ ቀሪ_አለ የሚለው እውነት ይሆናል። ምንም ካልተገኘ ባዶ ዝርዝር ይመጣል።»

ብዙ ሰው የሚዘለው ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለት ቱሎች ሲቀራረቡ «መቼ እንደማይጠራ» ካልተጻፈ ኤጀንቱ ሁለቱን ያምታታቸዋል። የ20 ገደቡ ካልተነገረውም 20 ቆጥሮ «ያለው ይኸው ነው» ብሎ ያርፋል። (ስሞቹን እዚህ በግዕዝ ፊደል አስቀመጥናቸው እንጂ በኮድ ውስጥ በላቲን ፊደል ይጻፉ፤ ቱሎቹ ለኤጀንቱ የሚቀርቡባቸው ብዙዎቹ ኤፒአይዎች (ፕሮግራሞች የሚገናኙባቸው መንገዶች) ሌላ አይቀበሉም።)

ፓራሜትር ላይ ቅርጹና መለኪያው ይነገር። «የኮንቴይነር ቁጥር» ብቻ አይበቃም፤ «4 ፊደልና 7 አኃዝ፣ ያለ ክፍተትና ያለ ሰረዝ» ይበሉ። «ክብደት» ከማለት ክብደት_በኪሎ ይሻላል፤ አለዚያ በኩንታል የተነገረው 250 እንደ 250 ኪሎ ይገባል፣ 25,000 መሆን ሲገባው።

እኛ አገር ዋናው ጣጣ ቀን ነው። ተጠቃሚው መስከረም 1 ቀን 2017 ሲል ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 የሚሉትን ነው። ፓራሜትሩ «ቀን» ብቻ ከተባለ ኤጀንቱ 2017-01-01 ብሎ ሊልከው ይችላል፤ ሲስተሙም ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ብሎ አንብቦ ባዶ ይመልሳል። ስህተት የሚል ነገር ስለማይታይ «በዚያ ቀን የገባ ጭነት የለም» ተብሎ ይዘጋል። ጳጉሜን ይሻላል፤ 2016-13-03 ወር 13 ስላለበት ወዲያው ይወድቃል፣ ቢያንስ ይታያል። መፍትሔው «በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ዓመት-ወር-ቀን። ተጠቃሚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሰጠ መጀመሪያ ቀን_ቀይር ይጠራ» ብሎ መጻፍ ነው። ልወጣውን በኮድ ይሥሩት፤ ለኤጀንቱ የጭንቅላት ሒሳብ አይተዉት። ሰዓትም እንዲሁ ነው፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት 08:00 እንጂ 02:00 አይደለም።

ሁለተኛው ጣጣ ፊደል ነው። ዳታቤዙ ውስጥ «ሐረር» ተብሎ ተመዝግቦ ኤጀንቱ «ሀረር» ብሎ ቢፈልግ አያገኝም፤ «ድሬዳዋ» እና «ድሬ ዳዋ»ም እንደዚያው። የከተማ ስምና እንደ «ተራግፏል» ያለ ሁኔታ በነፃ ጽሑፍ አይተው። የሚፈቀዱት ቃላት በስኪማው ውስጥ ልክ በዳታቤዙ አጻጻፍ ተዘርዝረው ይቀመጡ።

የስህተት መልእክትም የመግለጫው ቀጣይ ነው። «ስህተት 400» (ጥያቄው ልክ አይደለም ከማለት ሌላ ምክንያት የማይነግር ኮድ) ብቻ ያየ ኤጀንት ያንኑ ጥሪ ደግሞ ደጋግሞ ይልካል። «ወር 13 አይሠራም፤ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይመስላል፣ በቀን_ቀይር ለውጠው እንደገና ላክ» ቢባል ግን ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ሙከራ ያስተካክላል።

ርዝመትን በተመለከተ፣ ለአንድ ቱል ከ3 እስከ 6 ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መግለጫው ቱሉ ባይጠራም ኮንቴክስት (ኤጀንቱ በአንድ ጊዜ የሚያነበውን ቦታ) ይይዛል፣ በቶክንም (ጽሑፉ በሚከፋፈልባቸው ቁርጥራጮች) ይቆጠራል። አማርኛ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ቶክን ስለሚበላ ቱሎቹ ከበዙ ማብራሪያውን በእንግሊዝኛ ጽፎ እንደ ከተማ ስም ያሉትን ዋጋዎች ብቻ በአማርኛ መተው ያዋጣል።

«እውነተኛውን ዳታቤዝ አትንካ» የሚል መስመር መጻፍ ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን ኤጀንቱን አያግደውም። የሚሰርዝ ቱል ካለ ፈቃዱ ቱሉ ወደ ዳታቤዙ በሚገባበት አካውንት ላይ ይገደብ።

ሲጨርሱ ሰው በሚናገርበት አነጋገር 10 ያህል ጥያቄ ይጻፉ፦ «ትናንት ከሰዓት ሐረር የገባው የት ደረሰ?» ዓይነት። ሁለቱ ምንም ቱል የማያስፈልጋቸው ይሁኑ። ከዚያ ከመልሱ ይልቅ ሎጉን (የትኛው ቱል በምን ተሞልቶ እንደተጠራ የሚያሳየውን መዝገብ) ያንብቡ፤ መልሱ በአጋጣሚ ልክ ሊሆን ይችላል። የተሳሳተ ቱል ከተጠራ ችግሩ መግለጫው ላይ ነው፤ ቱሉ ትክክል ሆኖ የተሞላው ከተሳሳተ ፓራሜትሩ ላይ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀይረው 10ሩንም እንደገና ያስኪዱ፤ ሁለት ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አይለይም።