ከከተማ ወጣ ያለ ሰፈር ከመግባታችሁ በፊት፦ እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች አትድገሙ

ቤቱን ያየሁት እሑድ ጠዋት ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፣ ወፎች ይንጫጫሉ፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ከመሃል ከተማ ለመድረስ 22 ደቂቃ ፈጀብኝ። ደላላው «አየህ፣ ቅርብ እኮ ነው» አለኝ። አመንኩት። ገብቼ መኖር ከጀመርኩ በኋላ፣ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት፣ ያው መንገድ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ወሰደብኝ።

ደላላው አልዋሸም። እሑድ ቅርብ ነው። እኔ ግን ሥራ የምገባው ሰኞ ነው።

እዚህ መኖር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። አልጠላሁትም፤ አሁን ወደ መሃል ተመለስ ብትሉኝ እሺ የምል አይመስለኝም። ግን እስክለምደው ብዙ ተሳስቻለሁ። ሰው ቤት አይቶ ይገባል። ከገባ በኋላ ውሎውን የሚወስኑት ግን መንገዱ፣ ጎረቤቱና ሰዓቱ ናቸው። እነሱን ደግሞ ማንም ቀድሞ አያይም።

እሑድ ሄዶ ማየት

ሰፈር መታየት ያለበት በማይመቸው ሰዓት ነው። ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከቤቱ በር ተነስታችሁ እስከ ሥራ ቦታችሁ ሂዱ። ማታም ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ተመለሱ። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል ብቅ በሉ። ውሃው የት እንደሚተኛ ደላላ አይነግራችሁም፤ መንገዱ ራሱ ያሳያችኋል። ከመሸ በኋላም በእግራችሁ ዞር ዞር በሉ። መብራት አለ? ሰው ይንቀሳቀሳል? ዘና ብላችሁ ነው የምትራመዱት ወይስ ሳታስቡት እርምጃችሁ ይፈጥናል?

ርቀትን በኪሎ ሜትር መቁጠር

«15 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ሂሳቡን በሰዓት ሥሩት። ለመሄድ 45 ደቂቃ፣ ለመመለስ 45 ደቂቃ እንበል። በሳምንት 5 ቀን ከሆነ 7 ሰዓት ተኩል ይመጣል። በዓመት 48 ሳምንት ብትሠሩ 360 ሰዓት ሆነ። ቀንና ሌሊት ሳታቋርጡ 15 ቀን መንገድ ላይ ከረማችሁ ማለት ነው። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ካካፈላችሁት ደግሞ 45 የሥራ ቀን ይሆናል። ለዚያውም ያለ ደመወዝ።

ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቼዛሬ ማርኬቲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው በየዘመኑ ለምልልስ የሚያውለው ጊዜ በቀን በአማካይ አንድ ሰዓት ገደማ መሆኑን ጽፏል። በእግሩም ሄደ፣ በባቡርም፣ በመኪናም ያው ነው። መጓጓዣው ሲፈጥን ጊዜ አናተርፍም፤ ራቅ ብለን እንሰፍራለን። ከተሞች ወደ ዳር የሚሰፉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እናንተም ከአንድ ሰዓቱ ብዙ ካለፋችሁ፣ ትርፉ ከሆነ ቦታ መቀነሱ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ ከእንቅልፍ ነው የሚቀነሰው።

«ቤቱ ሰፊ ነው፣ ያካክሰዋል» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። አሎይስ ስቱትዘርና ብሩኖ ፍሬይ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የጀርመን ነዋሪዎችን መረጃ ይዘው ይህንኑ ፈትሸውታል። ያገኙት ተቃራኒውን ነው፤ ምልልሱ በረዘመ ቁጥር ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው። ሰፊውን ሳሎን በሁለት ወር ውስጥ ለመድኩት። የመኪናውን ሰልፍ ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

ሌላው ቀርቶ የኪራዩ ልዩነት ራሱ ያታልላል። ነዳጁን፣ ጎማውን፣ ምናልባትም ሁለተኛ መኪና ደምራችሁ እዩት። ከኪራይ አተረፍኩት ያላችሁት በነዳጅ ማደያ በኩል ይወጣል።

ካርታውን ማመን

ሱቁ ከቤቴ ጀርባ ነው። ጣሪያው በመኝታ ቤቴ መስኮት ይታየኛል። አጥር ዘልዬ ብሄድ 200 ሜትር አይሞላም። በመንገድ ግን 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። የእኛ መንገድ መውጫ የለውማ! ወደ ዋናው አስፋልት እወጣለሁ፣ ዞሬ እመጣለሁ፣ በሌላ መግቢያ እገባለሁ። የስልክ ካርድ ለመግዛት የመኪና ቁልፍ ማንሳት ያሳፍራል። አነሳለሁ ግን።

ዝግ መንገድ የመጣው በክፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ራድበርን የሚባል ሰፈር ተቆረቆረ። ንድፉን ያወጡት ክላረንስ ስታይንና ሄንሪ ራይት ልጆች በመኪና እንዳይገጩ አስበው ነበር። ቤቶቹን በአጫጭር ዝግ መንገዶች ዙሪያ አሰፈሩ። ከቤቶቹ በሌላ በኩል ደግሞ መኪና የማይገባበት የእግረኛ መንገድና መናፈሻ ዘረጉ። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ገንቢዎች ዝጉን መንገድ ብቻ ወሰዱ። የእግረኛውን ረሱት። እኛ የምንኖረው በግማሹ ሐሳብ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ቤት ስታዩ በእግራችሁ ሂዱ። ሱቅ፣ ፋርማሲ፣ የአውቶቡስ ማቆሚያ። ከሦስቱ ሁለቱ በ10 ደቂቃ የማይደረስባቸው ከሆነ በእያንዳንዷ ጉዳይ መኪና ልትጠብቁ ነው።

«ለልጆቹ ብዬ ነው» ማለት

ይህ ስህተት ብዬ የምጽፈው እየከበደኝ ነው፤ ግማሹ እውነት ነውና። ለስድስት ዓመት ልጅ ግቢ ዓለሙ ነው። ብስክሌት አለ፣ ጭቃ አለ፣ የሚያሳድደው ድመት አለ። ያው ልጅ 14 ሲሞላው ግን ግቢው ይጠበዋል። ጓደኞቹ ሌላ ሰፈር ናቸው፣ የኳስ ልምምዱ ሌላ ቦታ ነው። ብቻውን የሚሄድበት መንገድ ከሌለ ሾፌሩ ወላጅ ነው። ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ከቤት የምወጣበት ዘመን ነበር፤ አንዱም ለራሴ ጉዳይ አልነበረም። መጥቼ በሩ ላይ ጡሩንባ አሰማለሁ፣ ልጁ ተናድዶ ይወጣል፣ እኔም ተናድጄ እነዳለሁ።

አውቶቡስ መኖሩን ብቻ አትጠይቁ። የመጨረሻው በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ጠይቁ። የጎረምሳ ልጅ ነፃነት የሚለካው በሱ ነው።

ጸጥታን እንደተሰጠ ነገር መቁጠር

መሃል ከተማ ድምፁ ሁሉ ተደባልቆ አንድ ጉርምርምታ ይሆናል፤ ሰው ይተኛበታል። እዚህ ግን ያለው ጥቂት ድምፅ ስለሆነ እያንዳንዱን ትለያላችሁ። ይሄ የብረት መቁረጫው ነው፣ ያ ሁሌ ሌሊት የሚገባው ሰውዬ ነው። የቤቱ ቦታም ወሳኝ ነው። «ለትራንስፖርት ይመቻል» ብላችሁ ዋናው መንገድ ዳር አትያዙ። የከተማ ንድፍ ተመራማሪው ዶናልድ አፕልያርድ አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሚመሳሰሉ ጎዳናዎችን አወዳድሮ ነበር። መኪና በማይበዛበት ጎዳና አንድ ነዋሪ እዚያው ጎዳና ላይ በአማካይ 3 ጓደኛ ነበረው። መኪና በሚበዛበት ግን 0.9። ጩኸቱ እንቅልፍ ብቻ አይደለም የሚነሳው።

ጎረቤትን በወቀሳ መተዋወቅ

ከጎረቤቴ ጋር የመጀመሪያው ንግግራችን ስለ ውሻው ነበር። ከገባሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፣ ሰላም ብዬው አላውቅም። ውሻው ሁልጊዜ ማታ እኔ ስገባ ይጀምራል። አንድ ቀን አላስችል አለኝና በነጠላ ጫማ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ጠና ያለ ሰው ነው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ውሻዎ አላስተኛን አለ» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝና «አዲሱ ልጅ አንተ ነህ?» አለኝ። «የሚጮኸው ስለማያውቅህ ነው። ና ግባ፣ ይሽተትህ።»

ገባሁ። ውሻው እግሬን ሁለቴ ዞረው፣ ጫማዬን አሸተተ፣ ሄዶ ተኛ። ከዚያ ቀን በኋላ ስገባ አይጮኽም። በሦስት ሳምንት ያልፈታሁትን ነገር አንድ ሰላምታ ይፈታው ነበር።

ከከተማ ወጣ ያለ ሰፈር ጎረቤት በአጋጣሚ አይገኝም። መኪናው በር ተከፍቶለት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት ጥናት የተማሪ ባለትዳሮች መኖሪያ ሕንፃዎችን አይተው ነበር። በር ለበር ከሚኖሩት 41 በመቶ የሚሆኑት የቅርብ ጓደኛሞች ሆነዋል። በዚያው ፎቅ በኮሪደሩ ሁለት ጫፍ ከሚኖሩት ግን 10 በመቶ ብቻ። ልዩነቱ ጥቂት እርምጃ ነው። ሥራውን የሠራው በየቀኑ መተያየቱ ነው። ኮሪደር በሌለበት ቦታ መተያየቱን ራሳችሁ ፍጠሩት። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ በግራም በቀኝም ሄዳችሁ ስማችሁን ንገሩ። ከስድስት ወር በኋላ «አዲስ ገቢ ነኝ» ብሎ በር ማንኳኳት ይከብዳል።

ትንንሾቹ

ባዶ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀራል ብላችሁ አታስቡ። ከመስኮታችሁ የሚታየው ሜዳ ባለቤት አለው፤ ለምን እንደተመደበ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። የኔ ሜዳ ዛሬ ባለ አራት ፎቅ ነው።

ትልቅ ግቢም አትመኙ። የሚያጠጣው፣ የሚያጭደው፣ የሚጠርገው ሰው ማን እንደሆነ ገምቱ።

ጓደኛ ይመጣል ብሎ መጠበቅ

በመጀመሪያው ወር ሁሉም መጣ። ቤት ለማየት። «ኧረ አየሩ!» እያሉ ግቢውን ዞሩት። በሦስተኛው ወር ስደውል «ያ ሩቅ ሰፈር?» ማለት ተጀመረ። አኩርፌ ነበር። በኋላ ሳስበው እነሱም መንገዱን ይፈሩታል፤ እኔ እንኳ እፈራዋለሁ።

አሁን ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት አልሮጥም። እዚያው መሃል ከተማ ከጓደኞቼ ጋር እቀመጣለሁ፣ ትራፊኩ እስኪላላ። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናዬን ሳስነሳ መንገዱ ያቺን እሑድ ጠዋት ይመስላል። ባለፈው ሐሙስ 24 ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። በሩን ስከፍት ውሻው በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫውን አውጥቶ አየኝ፣ ተመልሶ ተኛ።